የቁስለኛው አድራሻ

ጠዋት ጀሞ ታክሲ ተራ የቆመ ሰው «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! ሁለት ሰው!» የሚለውን ጩኸት ደጋግሞ ሳይሰማ አይሳፈርም። የሚጠራ ጦር የለም። ተሳፋሪው ሥራ የሚገባ፣ ዘመድ የሚጠይቅ፣ ባቡር ለመያዝ የሚጣደፍ ነው። ጀርመን አደባባይን፣ አየር ጤናን እያለፈ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር ያለውን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል አጥር ያየዋል፤ አጥሩን የማያውቅ የለም። ከውስጥ የተኛው ማን እንደሆነ፣ ግቢውም ከዚህ በፊት በማን ስም ይጠራ እንደነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ ለወታደር ስም እንግዳ አይደለም። ጎፋ ካምፕ እንላለን፣ ካምፕ የምትለውን ቃል ሳናስተውላት። አሮጌው ኤርፖርት እንላለን፤ ቦሌ ከተከፈተ በኋላ የልደታው ሜዳ የወታደር አውሮፕላን ማረፊያ ሆኖ መቆየቱን የሚያስታውሰው ያስታውሳል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ለከተማው ሰው ተአምር በነበረበት ዘመን የወጣ ነው። ከተማው በሙሉ እንዲያ ነው። «ሰፈር» ማለት መጀመሪያ ጦር የሰፈረበት ቦታ ነበር፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ሲባል ድንኳን ከነሠራዊቱ ማለት ነው። ጦሩ አልተነሣም፣ ድንኳኑ ቤት ሆነ፣ ሰፈር የሚለው ቃልም የመኖሪያ አካባቢ ማለት ሆኖ ቀረ።

በሌላው ዓለም ደጋግሞ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ምሽግ ይሠራል፣ ጠላት ይርቃል፣ ምሽጉ ባዶ ይቀራል፣ ከዚያም አልጋ ይገባበትና የቆሰሉ አሮጌ ወታደሮች ሆስፒታል ይሆናል። የዚህ ታሪክ አገር በዋናነት አሜሪካ ናት። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ፎርት ቤያርድ በ1866 (እ.ኤ.አ.) የአፓቼ ሕዝብን ለመዋጋት የተተከለ ጦር ሰፈር ነበር፤ ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች አገልግለውበታል። የአፓቼው መሪ ጄሮኒሞ በ1886 እጁን ሲሰጥ የምሽጉ ሥራ አለቀ። ሊዘጋ ሲል ግን ሐኪሞች ደረሱ። ቦታው ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ደረቅ፣ ፀሐያማ ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ ሌላ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ደግሞ መድኃኒቱ አየር ነበር። በ1899 የአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሆነ፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ አንጋፋ ወታደሮች አስተዳደር ተላለፈ። እኛም በዚሁ ሐሳብ ነው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልን እንጦጦ ጫካ ውስጥ ያቆምነው።

የኮሎራዶው ፎርት ላየን የበለጠ ያስቀናል፣ ያስቃልም። ከምሽግነት በኋላ በ1906 የባሕር ኃይል የሳንባ ሆስፒታል ሆነ፤ ባሕር ግን በአካባቢው የለም። (ባሕር አልባ ባሕር ኃይል ለእኛ የሚያስገርም ነገር አይደለም።) በ1922 የአንጋፋ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነ፣ ከ2001 በኋላ እስር ቤት፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ መጠለያ የሌላቸው ሰዎች የሚያገግሙበት ግቢ። አንድ ግቢ፣ አምስት ዓይነት ሰው።

ምሽግ ለሆስፒታልነት የሚመቸው በአጋጣሚ አይደለም። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ባለይዞታ አይካሰስም። የራሱ ውኃ አለው። ረጃጅም የወታደር ማደሪያዎቹ አልጋ ለመደርደር የተሠሩ ይመስላሉ። የሰልፉ ሜዳ ለተመላላሽ በሽተኛ ንፋስ መቀበያ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአካባቢው ነጋዴና የምክር ቤት አባል ምሽጉ እንዳይዘጋ ይሟገታሉ፤ ወታደር የሚበላው ዳቦ በሽተኛም ይበላዋልና። አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ቀድሞ በሌላ በር ገብቷል። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1670 የኢንቫሊድን ሕንፃ ሲያዝ አካላቸው የጎደለ ወታደሮች በፓሪስ ጎዳና ይለምኑ ነበር። እንግሊዞች በ1682 ቼልሲን ጀመሩ። እነዚህ ከምሽግ የተወለዱ አይደሉም፤ የንጉሥ ኃፍረት የወለዳቸው ናቸው።

ወደ እኛ እንመለስ። ምሽግ ሞልቶናል፤ ፈጣሪ የሠራው ምሽግ፣ አምባ። ሆስፒታል የሆነ አምባ ግን አላውቅም። አንድ አምባ ሐኪም ሰጥቶናል ማለት ግን ይቻላል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከአምባው የተገኘ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን በመኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወሰደ፤ አሳዳጊዎቹ በነበሩት በሁለት መኮንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ በርማ አገለገለ። አገሩን ሲያገኝ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሆነ፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ።

ለምን ምሽጋችን ሆስፒታል አልሆነም? መልሱ ለወታደር የምንከፍልበት መንገድ ላይ ያለ ይመስለኛል። በቀድሞው ሥርዓት የወታደር ደሞዝ መሬት ነበር፣ ጡረታውም መሬት። ማደሪያ መሬት የተሰጠው፣ ጋሻ መሬት የተመራ ሰው ቁስሉን ይዞ የሚገባው ወደ ገበሬው፣ ወደ ልጆቹ፣ ወደ ወጌሻው ነው። መሬት ያልደረሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይሄዳል። ለቁስለኛ ቤት መሥራት የሚባል ሐሳብ የመጣው ከውጭ፣ በአድዋ ማግስት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ከተደረገው ጦርነት ከወራት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ፤ ከዚያም ቋሚ የሩሲያ ሆስፒታል ተከፈተ፣ እርሱ በነበረበት ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተተካ። እንግዲህ የመዲናይቱ ዘመናዊ ሕክምና የተጀመረው በዘማች ቁስል ነው። ሆኖም ዘማቹ አልጋውን ለከተማው ሰው ለቅቆ ወደ አገሩ ሄደ።

በ1928ቱ ወረራ ጊዜ ሆስፒታሉ ራሱ ተመታ። በታኅሣሥ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳን መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተደበደበ፤ በየካቲት ደግሞ የእንግሊዙ ቡድን ኮረም አጠገብ። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚህ ሁሉ ተርፎ፣ ንጉሡ ከወጡ በኋላ በተነሣው የከተማ ዝርፊያ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ በጥይት ተመትቶ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሞተ፤ ቁስለኛ ሲያነሣ ነበር።

አሁን ወደ ጦር ኃይሎች አጥር እንድረስ፤ ታሪኩ የሚወፍረው እዚህ ነው።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ከአባቷ ጋር በእንግሊዝ ስደት ላይ ሳለች ለንጉሥ ልጅ ያልተለመደ ነገር አደረገች። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደማንኛዋም ተማሪ የሌሊት ተራ እየያዘች ነርስነት ተማረች፣ በ1939 (እ.ኤ.አ.) ተመረቀች። አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል አቢይ አበበን አግብታ ወደ ወለጋ ሄደች። በነሐሴ፣ ገና አራት ወር ሳይሞላት፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ለቀምት ላይ አረፈች። 22 ዓመቷ ነበር።

ሲልቪያ ፓንክኸርስት፣ ወረራውን በ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ጋዜጣዋ ስትታገል የኖረችው እንግሊዛዊት፣ በለንደን መዋጮ ጀመረች። ጦርነቱ ያደኸየው የእንግሊዝ ሕዝብ ሳንቲም እየለቀመ ለማያውቃት ከተማ ሆስፒታል አዋጣ። በ1951 (እ.ኤ.አ.) የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። የነርስ ትምህርት ቤት ነበረው፤ ሟቿ ብትኖር የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። በኋላ ፕሮፌሰር የሆኑት ዶክተር አስራት ወልደየስ ከትምህርት እንደተመለሱ ያገለገሉት እዚያ ነው።

በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ባልና ሚስት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ መጡ። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የሦስት ዓመት ውል ፈርመው ነበር፤ ሥራቸው በዚሁ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ከገጠር በእግር፣ በበቅሎ፣ በአውቶቡስ ጥግ ተደብቀው የሚመጡ የፊስቱላ በሽተኞችን ሲያዩ ግን ውሉ ተረሳ። ቀዶ ሕክምናውን ከመጻሕፍት እያጠኑ እዚያው ፀሐይ ሆስፒታል ውስጥ ጀመሩት። የራሳቸውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል እስኪከፍቱ፣ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ፣ ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ያ ሥራ የተሠራው እዚህ ግቢ ውስጥ ነው። በእርግዝና ምክንያት በሞተች ወጣት ስም የቆመ ቤት፣ በወሊድ የተጎዱ ሴቶች መዳኛ ሆነ። ይህን ያቀደው ሰው የለም። የአገሪቱ ሕመም ያለበትን ቦታ ራሱ ያመለክታል መሰለኝ።

የ1966 አብዮት መጣ። የልዕልቲቱ ባል የነበሩት፣ በዚያን ጊዜ ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። የሚስታቸውም ስም ከሆስፒታሉ በር ወረደ፤ ግቢው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በአሜሪካ ምሽጉ ወደ ሆስፒታል ሄደ፤ እዚህ ሆስፒታሉ ወደ ጦር ሄደ። መንገዱ አንድ፣ አቅጣጫው ተቃራኒ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአሜሪካው ምሽግ ባዶ የቀረው ጠላት ስላለቀ ነው። የእኛ ምሽግ ግን በዚያ ዘመን ባዶ ሊሆን ቀርቶ ሞልቶ የሚፈስ ነበር፤ ሶማሊያ በ1969 ገባች፣ ኤርትራ ላይ ውጊያው ቀጥሏል፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ ታጠቅ ጦር ሰፈር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሚሊሻ ይሠለጥናል። ወታደር ይወጣል፣ ቁስለኛ ይገባል። ቁስለኛው ቤት ሲያስፈልገው የተገኘው የሲቪሉ ቤት ነበር።

ውሳኔውን ከዚህ አንጻር እረዳዋለሁ። የስሙን መነሣት ግን አልወደድኩትም። ፀሐይ በርግጥ የንጉሥ ልጅ ነበረች፤ ለሆስፒታሉ ያበቃት ግን ያ አይደለም፣ ነርስነቷ ነው። ስሟን ሳይነኩ ወታደር ማከም ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንግሥት ተለውጧል፤ ግቢው አድጎ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተብሏል፣ በ2008 የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ መጨረሻ ጦር ኃይሎች ሆኗል፤ የነርሷን ስም የመለሰ ግን የለም።

ደርግ ቁስለኛን በሆስፒታል ብቻ አልተወውም። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች ደብረ ዘይት ላይ ጀግኖች አምባ ተቋቋመ፤ አባቶቻቸው ለሞቱባቸው ልጆች ደግሞ በስምጥ ሸለቆው አላጌ ላይ ሕፃናት አምባ። የቃሉን ምርጫ ልብ ይሏል። አምባ ጠላት የማይወጣው ተራራ ነበር፣ ከዚያ መንደር ማለት ሆነ፣ አሁን ደግሞ ክራንች ይዞ የሚሄድ ሰውና አባት የሌለው ልጅ የሚያድርበት ቤት። ምሽጉ ወደ ማገገሚያ የተለወጠው በድንጋይ ሳይሆን በቋንቋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አምባ ውስጥ መግባት ክብር ነበረው፤ መታጠርም ነበረው። ጀግና ተብሎ ከከተማው ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው፣ ጎዳና ላይ ከሚለምን ሰው ይልቅ ለመንግሥት ዓይን ይመቻል፤ ሉዊ 14ኛም ይህን ያውቅ ነበር።

ደርግ ወደወደቀበት ግንቦት 20 ቀን 1983 ደረስን። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ወታደርነቱ ቀረ። በወሩ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር አካል ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ እህል፣ መጓጓዣ፣ መሬት ያለበት ቀበሌ እየፈለገ አብዛኛውን ወደ ገጠር መለሰ። በቁጥር ሲታይ በአፍሪካ ትልቅ ከሚባሉት የመበተን ሥራዎች አንዱ ነው፤ የዓለም ባንክም እንደ ምሳሌ ጽፎለታል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግን ሌላም ያስታውሳል። የወታደር ካፖርት ለብሶ ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተቀመጠውን ሰው። በዚያው ዓመት የድል አድራጊው ወገን ቁስለኛም ነበር፤ እርሱ «ታጋይ» ይባላል፣ ያኛው «የደርግ ወታደር»። ሁለቱም ፈንጂ ረግጠዋል፣ ምናልባትም አንድ ሜዳ ላይ።

የዚህ ታሪክ ዋና ሰነድ ለእኔ ቃላቱ ናቸው። በ1933 ነፃነት ሲመለስ የቆሰለው «አርበኛ» ነበር፤ መሬትና ሜዳይ ተሰጠው። በኮሪያ የቆሰለው «ዘማች» ነው። ለደርግ «ጀግና» ነው፤ በ1983 «ታጋይ» እና «የቀድሞ ሠራዊት» በሚል ለሁለት ተከፈለ። ከባድመው ጦርነት በኋላ ወደ 150,000 የሚጠጋ ወታደር በዓለም ባንክ ብድር ሲቀነስ «ተመላሽ» ተባለ። ዛሬ «የቀድሞ ተዋጊ» እንላለን። ስያሜው በተለወጠ ቁጥር ማን እንደ ቁስለኛ እንደሚቆጠር ይለወጣል፤ የተቆረጠው እግር ግን ያው የተቆረጠ እግር ነው። ለዚህ ነው የምሽግ ታሪክ ስንጽፍ ግንቡን ብቻ ብንከተል የምንስተው። ግንቡ ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሥራውን ሳያቋርጥ ተሸጋግሯል፤ የሚያቋርጠው በሽተኛው ነው። ትናንት የክብር አልጋ የነበረው ሰው ዛሬ ያ ግቢ የእርሱ መሆኑ ይጠየቃል።

የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ይህን ከማንም በላይ ቀምሰውታል። በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ኮሪያ ሄዱ፤ በየተራው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተው ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ አንድም አልተማረከም። ሲመለሱ ንጉሡ መሬት ሰጧቸው፤ ኮሪያ ሰፈር የሚባለው ከዚያ ነው (ሰፈር እንደገና የጦር ሰፈር ሆነች)። በደርግ ጊዜ ግን የመንግሥት ወዳጅ ሰሜን ኮሪያ ሆነች። ለደቡቡ የተዋጋ ሰው ሜዳዩን በሳጥን ደብቆ መኖር ነበረበት። ያንን ክብር የመለሰው በመጨረሻ ሌላ አገር ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የደቡብ ኮሪያው ምዩንግሱንግ ቤተ ክርስቲያን ገርጂ ላይ ሆስፒታል ከፈተ፤ ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» ይለዋል። ለዘማቾቹ ነፃ ሕክምና ይሰጣል። እንዲህ ያለው የአንጋፋ ወታደር ሆስፒታል ከምሽግ አልወጣም፣ ከንጉሥ ኃፍረትም አይደለም። ከ50 ዓመት በኋላ የተከፈለ ዕዳ ነው፤ የከፈለውም የተዋጉለት ሕዝብ ነው። የራሳችንን አርበኛ ስናስብ ይህ ጉዳይ ትንሽ ይቆጠቁጣል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ጥያቄው በአዲስ መልክ ተመልሷል። የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ሰላማዊ ኑሮ ሊመልሳቸው ያቀዳቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ371,000 በላይ ናቸው። በትግራይ ሥራው በ2017 ሲጀመር ሰዎቹ ማሠልጠኛ ማዕከል ይገቡ፣ ይመዘገቡ፣ ሥልጠና ይወስዱ፣ በቀናት ውስጥ ይወጡ ነበር። ካምፕ በዚህ ጊዜ ሆስፒታልም አምባም አይደለም፤ በር ነው፣ አልፈውት የሚሄዱት። ሐሳቡ ትክክል ነው ባይ ነኝ። አካል ጉዳተኛን ለብቻ ከማጠር ወደ ቤቱ መመለሱ ይሻላል። ይህ የሚሠራው ግን ቤቱ አጠገብ እግሩን የሚሠራለት ሰው ካለ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራባቸውና የሚጠገንባቸው ቦታዎች ጥቂት ከተሞች ላይ የተወሰኑ ናቸው፤ ከወረዳ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ደግሞ የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የማደሪያ ሒሳብ፣ የሥራ ቀን ሒሳብ አለበት።

ምሽግ ወደ ሆስፒታል የሚለወጠው አንድ ጊዜ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ግን እንደ አያያዙ በየ3 ወይም በየ5 ዓመቱ መለወጥ አለበት። በ25 ዓመቱ እግሩን ያጣ ልጅ እስከ 65 ዓመቱ ድረስ ከ8 እስከ 13 እግር ያስፈልገዋል።